ከዝናቡ የሚቀድም ደመና፦ ስለ ሶኖራ በረሃ ሙቀት፣ መብረቅና ሰደድ እሳት



አብዛኞቻችን ደመና ሲጠቁር የሰው ፊት ከሚፈካበት አገር የመጣን ነን። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ገበሬው ዘሩን ያሰናዳል፤ የከተማው ሰው የሚያፈስ ጣራውን ያስታውሳል። መብረቅ ያስፈራል፤ ቢያስፈራም ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው ብለን እናምናለን። ነጎድጓድ የሰማ ሰው ዝናብ ይጠብቃል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ ከልጅነት ጀምሮ አብሮን ያደገ እምነት እዚህ አሪዞና ውስጥ በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት እንደሚያሳስተን ነው። ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ባሉት ቀናት ደመናው ይመጣል፤ ዝናቡ ግን መሬት ሳይደርስ ይቀራል። መብረቁ ይወርዳል፤ ውሃው አየር ላይ ይተናል። ነፋሱ ይነሣል፤ አፈሩ ግን እንደ ደረቀ ነው። በሶኖራ በረሃ ከዓመቱ ሁሉ የሚፈራው ጊዜ ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ ሙቀቱ፣ ነጎድጓዱና ሰደድ እሳቱ በሦስት የተለያዩ ወሬዎች ነው የሚነገሩን። ሙቀቱን ከጤና ባለሙያ፣ ነጎድጓዱን ከአየር ትንበያ፣ እሳቱን ከእሳት አደጋ ሠራተኛ እንሰማለን። እኔ ዛሬ አንድ ላይ ላነሣቸው እወዳለሁ፤ ምክንያቱም አንዱ ሌላውን የሚወልድ አንድ ጉዳይ ናቸው። ሙቀቱ ሣሩን ያደርቃል፣ አየሩንም ወደ ላይ ያነሣል፤ ወደ ላይ የወጣው አየር ደመና ይሠራል፤ ደመናው መብረቅና ነፋስ ይልካል፤ መብረቁ እሳቱን ይለኩሳል፣ ነፋሱ ይነዳዋል፤ በመጨረሻ የሚደርሰው ዝናብ ደግሞ የተቃጠለውን ተራራ ጎርፍ አድርጎ ያወርደዋል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን አደጋ ቀድሞ ያያል። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙቀቱ

የሶኖራ በረሃ ደቡባዊ አሪዞናን፣ የካሊፎርኒያን ደቡብ ምሥራቅ ጥግና ሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮን ይይዛል። ከአፕሪል ጀምሮ በላዩ ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ይሰፍራል። ይህ አየር ከላይ ወደ ታች ይጫናል፤ እየወረደ ሲታመቅ ይሞቃል፣ ይደርቃልም። ደመና የለም፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ከልካይ ትወርዳለች። እርጥብ አፈር ላይ ቢሆን የፀሐዩ ኃይል በከፊል ውሃ በማትነን ያልቅ ነበር፤ እዚህ ግን የሚተን ውሃ ስለሌለ ኃይሉ ሁሉ መሬቱንና አየሩን ወደ ማጋል ይሄዳል። የፊኒክስ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 330 ሜትር ያህል ብቻ ናት። አዲስ አበባን ከሐሩር የሚያድናት ከፍታ ፊኒክስ የላትም።

በበረሃው ላይ ከተማ ተጨምሯል። አስፋልቱና ኮንክሪቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። ጥንት በረሃ የሚታወቀው በቀን ሐሩር፣ በሌሊት ቅዝቃዜ ነበር፤ በከተማው መሐል ግን ሌሊቱም እረፍት አይሰጥም። በ2023 ፊኒክስ ውስጥ ሙቀቱ 31 ቀን በተከታታይ 110 ፋራናይት (43 ሴንቲግሬድ ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ ሆነ። በዚያው ወቅት 16 ሌሊት በተከታታይ ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት (32 ሴንቲግሬድ) በታች አልወረደም። ለዚያ ዓመት ፊኒክስ የምትገኝበት የማሪኮፓ ካውንቲ የጤና መሥሪያ ቤት ሙቀት የገደላቸውን ወይም ለሞታቸው አስተዋጽኦ ያደረገባቸውን 645 ሰዎች መዘገበ። በ2024 ደግሞ 110 ፋራናይት የደረሱት ወይም ያለፉት ቀናት 70 ሆኑ።

ከሞቱት ብዙዎቹ መጠለያ የሌላቸው ወይም ውጭ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የሞቱም አሉ፤ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከእነዚህ በአብዛኞቹ ቤት ማቀዝቀዣው ነበር፤ ግን አይሠራም ነበር። ጉዳዩ ወደ እኛ ቤት የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ወይም የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች ኤሲ አይወዱም። «ብርድ ይመታኛል» ይላሉ። አንዳንዶቹ የልጃቸው መብራት ቆጣሪ እንዳይቆጥር አዝነው፣ ልጃቸው ሥራ ሲሄድ ያጠፉታል፤ መስኮትም ይከፍታሉ። አዲስ አበባ ላይ መስኮት መክፈት ነፋሻ አየር ያስገባል፤ በጁላይ ፊኒክስ ውስጥ ግን የሚገባው የጋለ አየር ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥሙ ቶሎ አይሰማውም፤ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችም ሰውነት ሙቀትን የሚቋቋምበትን አቅም ሊቀንሱ ይችላሉ። ስለዚህ ችግሩ ሳይታወቅ ይገባል።

ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ላቡ ሲተን ነው። በጁን አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላባችን ቶሎ ይተናል፤ ውሃ ማጣታችንም አይታወቀንም። በጁላይ እርጥበት ሲመጣ ደግሞ ላቡ ገላ ላይ ይቀራል፤ የሙቀት መለኪያው ዝቅ ብሎ ሳለ ሰውነት ይበልጥ ይጨነቃል። በውሃ ትነት የሚሠሩት ርካሽ ማቀዝቀዣዎችም በጁን ጥሩ ሠርተው በጁላይ የሚከዱን በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ንግግሩ ከተምታታ፣ ከተደናገረ፣ ራሱን ከሳተ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» አይባልም። 911 ይደወላል፤ እስኪመጡም ገላው በውሃና በበረዶ ይቀዘቅዛል፣ ይራገባል።

ዝናብ የማያወርደው ደመና

በጁን መጨረሻ የሰማዩ ሥርዓት ይለወጣል። ከፍተኛ ግፊት ያለው አየር ወደ ሰሜን ይሸሻል፤ በደቡባዊ ጎኑ የሚሽከረከረው ነፋስ ከካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ፣ ከፓስፊክና ከሜክሲኮ በኩል እርጥበት መሳብ ይጀምራል። ይህ የአሪዞና ሞንሱን ነው። የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ከ2008 ጀምሮ ወቅቱን ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ብሎ ወስኖታል። ከእኛ ክረምት ጋር በወራት የሚገጥም ወቅት ነው፤ በዝናብ ግን አይወዳደሩም። ፊኒክስ በዚህ ወቅት በአማካይ የምታገኘው ዝናብ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ2023 በጠቅላላው ወቅት የወረደላት 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በመዝገብ ከታዩት ሁሉ ደረቁ ሞንሱን ሆነ።

እርጥበቱ አንድ ቀን መጥቶ በአንድ ቀን አየሩን አይሞላም። መጀመሪያ የሚረጥበው የላይኛው አየር ነው፤ ከሥሩ ያለው ገና የጁን ደረቅ አየር ነው። ከሰዓት በኋላ የጋለው አየር በተራሮቹ ጎን ወደ ላይ ይወጣና ደመና ይሠራል፤ የደመናው ግርጌ ግን ከመሬት ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከዚያ የሚወርደው ዝናብ ረጅም መንገድ በደረቅ አየር ውስጥ መጓዝ አለበት። ብዙው መንገድ ላይ ይተናል። ከደመናው ሥር ግራጫ መጋረጃ ተንጠልጥሎ መሬት ሳይነካ ሲጠፋ ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ እሱ መድረስ ያቃተው ዝናብ ነው።

መብረቅን ግን ድርቀት አይከለክለውም። መብረቅ የሚፈጠረው በደመናው ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ በሚለያይ የኤሌክትሪክ ሙላት ነው፤ ከታች ያለው አየር ደረቀ አልደረቀ አያግደውም። ሲወርድም የሚያልፍበትን አየር ወደ 30 ሺህ ሴንቲግሬድ ያግላል። ዝናብ ያልረጠበው ሣር ወይም ደረቅ ዛፍ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። የሙያው ሰዎች ደረቅ መብረቅ ይሉታል። ከዚህም የሚከፋው እሳቱ ሁልጊዜ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ በዛፍ ግንድ ውስጥ ለቀናት ታፍኖ ቆይቶ ነፋስ ሲያገኝ ይነሣል።

ነፋሱም ከዚያው ደመና ነው የሚመጣው። የሚተነው ዝናብ በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ በኃይል ወደ መሬት ይወርዳል። በባልዲ ያለ ውሃ ወለል ላይ ሲደፋ ወደ ሁሉም ጎን እንደሚሸሽ፣ ይህ አየርም መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል። ደመናው ከሩቅ ተራራ ላይ ሆኖ ነፋሱ ሰማይ ጥርት ባለበት ቦታ ሊደርስ ይችላል። ደረቅ እርሻና በረሃ ላይ ሲያልፍ አቧራውን አንሥቶ ግድግዳ ያቆማል፤ የፊኒክስ ሰዎች ከሱዳን በመጣው ስሙ ሀቡብ ይሉታል። ጁላይ 5፣ 2011 ከተማዋን የሸፈነው የአቧራ ግድግዳ ቁመቱ ከ1,500 ሜትር በላይ፣ ስፋቱም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ሰኔና ሰኞ የገጠሙባቸው ቀናት

እስካሁን ያልኩት በሁለት ቀናት ታሪክ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የመጀመሪያው ጁን 26፣ 1990 ነው። በዚያ ቀን የፊኒክስ ሙቀት 122 ፋራናይት፣ ማለትም 50 ሴንቲግሬድ ደረሰ፤ እስከ ዛሬ የከተማዋ ክብረ ወሰን ነው። አየር መንገዶች አውሮፕላን በምን ያህል ሙቀት ምን ያህል ጭኖ እንደሚነሣ የሚያሳየው ሠንጠረዣቸው 120 ፋራናይት ላይ ስለሚያበቃ በረራ አቋረጡ። ብዙ ሰው ስለዚያ ቀን የሚያስታውሰው ይህን ነው። በዚያው ቀን ግን ከፊኒክስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከፔይሰን ከተማ አጠገብ ሞጎዮን ሪም በሚባለው ገደል ሥር፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ መብረቅ የለኮሰው እሳት ይነድ ነበር። ዱድ ፋየር ይባላል። ከሰዓት በኋላ ጥቂት የዝናብ ጠብታ ወረደ፤ ነፋሱም ጸጥ አለ። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይህ የምሥራች ነው፤ ዝናብ መጣ፣ እሳቱ ሊጠፋ ነው። የሆነው ግን ከእሳቱና ከደመናው በላይ የነበረው አየር ወደ ታች መደርመሱ ነው። ነፋሱ እሳቱን ቁልቁል ሸለቆው ውስጥ ነዳው፤ ከፔሪቪል እስር ቤት የመጣው የእሳት መከላከል ቡድን ስድስት አባላቱን አጣ።

ሁለተኛው ጁን 30፣ 2013 ነው። ከሁለት ቀን በፊት፣ ጁን 28 ማታ፣ ከፊኒክስ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው ያርኔል የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ መብረቅ አንድ ኮረብታ ለኮሰ። መጀመሪያ ላይ እሳቱ ትንሽ ስለነበር ብዙም አላሳሰበም። ቁጥቋጦው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሳይቃጠል የከረመና እስከ ሥሩ የደረቀ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሰሜን ምሥራቅ በኩል የነጎድጓድ ደመናዎች ተነሡ፤ ከእነሱ የወጣው ነፋስ ሲደርስ ወደ ሰሜን ሲሄድ የዋለው እሳት ፊቱን አዞረና ወደ ደቡብ ወደ ከተማዋ ገሰገሰ። ከፕሬስኮት ከተማ የመጣው ግራናይት ማውንቴን ሆትሾትስ የተባለው ቡድን ከሃያ አባላቱ 19ኙን በዚያች ሰዓት አጣ። የተረፈው ለጥበቃ ተለይቶ ሌላ ቦታ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ከመቶ በላይ ቤቶችና ሕንፃዎችም ተቃጠሉ።

ሁለቱ ቀናት 23 ዓመት ይራራቃሉ። ሁለቱም የጁን መጨረሻ ናቸው፤ በሁለቱም ለኳሹ መብረቅ ነው፤ በሁለቱም ገዳዩን ነፋስ ደመና አመጣው። በአገራችን ክፉ ነገር ሲደራረብ «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» እንላለን፤ እንደ ዕድል ነው የምናየው። በዚህ በረሃ ግን ግጥምጥሞሹ ዕድል አይደለም። ሙቀቱ፣ መብረቁና ነፋሱ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይገናኛሉ፤ ቀኑን ባናውቅም ሳምንታቱን እናውቃቸዋለን።

በረሃ ምን አለውና ይቃጠላል?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የሶኖራ በረሃ ዕፅዋት ተራርቀው የሚበቅሉ ናቸው፤ በመሐላቸው ባዶ አፈርና ድንጋይ ነበር። መብረቅ አንዱን ቢመታ እሳቱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ አልነበረውም። ስለዚህ የበረሃው ዕፅዋት ከእሳት ጋር መኖርን አልተማሩም። ክንድ ያወጣ ሰው የሚመስለውን ሳዋሮ የተባለውን ትልቅ ቁልቋል ውሰዱ። የመጀመሪያውን ክንድ ለማውጣት ሃምሳ፣ ሰባ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል፤ ዕድሜው 150 ዓመት ያልፋል። እሳት ከገረፈው ግን ወዲያው ባይወድቅ እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊደርቅ ይችላል።

ድልድዩን የሠራው ከውጭ የመጣ ሣር ነው። ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣው ቀይ ብሮም የተባለው ሣር የቀዝቃዛዎቹን ወራት ዝናብ ጠጥቶ በቶሎ ይበቅላል፤ በሜይ ደርቆ ገለባ ይሆናል። ሁለተኛው ባፈል ግራስ ነው፤ ይህኛው ከእኛው አህጉር የመጣ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቆላማ አገሮች፣ የቦረናን ሜዳ ጨምሮ፣ በተፈጥሮ ይበቅላል፤ ከብት የሚወደው፣ ድርቅ የሚችል ጥሩ ግጦሽ ነው። አሜሪካውያን ለከብት መኖና አፈር እንዳይሸረሸር ብለው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አመጡት። እዚህ ግን ከብቱ አልጨረሰውም። በቱሳን ከተማ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ከቁልቋሉ ሥር ገብቶ ባዶውን ቦታ ሞላው፤ ሲነድ ነበልባሉ ብርቱ ነው፤ ከተቃጠለም በኋላ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። እሳቱ ሳዋሮውን ይገድላል፤ ሣሩ ግን የሳዋሮውን ቦታ ይወርሳል። አገሩ ላይ በረከት የሆነው ሣር እዚህ እርግማን ሆነ። ቱሳን ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ተራራ እየወጡ ከሥሩ ይነቅሉታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ በዚህ በረሃ ክፉው የእሳት ዓመት ብዙ ጊዜ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ጥሩ ዝናብ የቀደመው ዓመት ነው። ዝናቡ ሣሩን ያሳድጋል፤ የሜይና የጁን ሙቀት ያደርቀዋል። በ2005 ዝናባማ ከሆኑ ቀዝቃዛ ወራት በኋላ በጁን መብረቅ የለኮሰው ኬቭ ክሪክ ኮምፕሌክስ የተባለው እሳት ከፊኒክስ በስተ ሰሜን ወደ 100 ሺህ ሄክታር በረሃና ቁጥቋጦ በላ። በ2020 ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱን መነሻዎች አየን። ጁን 5 መብረቅ ከቱሳን ከተማ በላይ ያለውን የሳንታ ካታሊና ተራራ ለኮሰው፤ ቢግሆርን የተባለው ይህ እሳት ከ48 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ። ጁን 13 ከፊኒክስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በመንገድ 87 ዳር አንዲት መኪና ተቃጠለች፤ ከእሷ የተነሣው ቡሽ ፋየር 78 ሺህ ሄክታር ያህል ፈጀ፤ ከውስጡም እጅግ ብዙ ሳዋሮ ነበር። አንዱ ከሰማይ፣ አንዱ ከሰው። በአሜሪካ በጠቅላላው ከሚነሡት ሰደድ እሳቶች ከመቶ ወደ 85 የሚሆኑት በሰው ምክንያት ናቸው። መብረቅን ማንም አይከለክለውም፤ የቀረውን ግን መከልከል ይቻላል።

ከእሳቱ በኋላ ጎርፍ

በመጨረሻ ዝናቡ ይደርሳል፤ ሰውም እፎይ ይላል። አደጋው ግን ገና አላበቃም። ብርቱ እሳት ያለፈበት አፈር ውሃ መጠጣት ያቆማል፤ ከተቃጠለው ቅጠል የወጣው ቅባት መሰል ነገር አፈሩ ውስጥ ገብቶ ውሃውን ይመልሰዋል። ዝናቡን የሚይዝ ሥርም ቅጠልም የለም። ከእሳቱ በፊት ምንም የማያመጣ ዝናብ ከእሳቱ በኋላ አመድ፣ ድንጋይና ግንድ የተሸከመ ደራሽ ጎርፍ ይሆናል።

ጁላይ 15፣ 2017 ከፔይሰን ከተማ በስተ ሰሜን ባለ የወንዝ መዋኛ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ሙቀቱን ሸሽቶ ይዝናና ነበር። ዝናቡ የወረደው እነሱ ባሉበት ሳይሆን ከላይ፣ በቀደመው ወር ሃይላይን የተባለው እሳት ባቃጠለው ተራራ ላይ ነው። ጥቁር ጎርፍ በድንገት ደረሰና ከቤተሰቡ አሥር ሰው ወሰደ። ሙቀት ወደ ውሃው አመጣቸው፤ እሳት ተራራውን አራቆተው፤ ነጎድጓድ ጎርፉን ላከው። አንድ ጉዳይ ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

በዱድ ፋየር ከነበሩት አንጋፋ የእሳት መከላከያ መሪዎች አንዱ ፖል ግሊሰን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1991፣ ከእሳት ፊት የሚቆም ቡድን ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሊኖሩት የሚገቡ አራት ነገሮችን ለይቶ ጻፈ፦ ጠባቂ፣ መገናኛ፣ ማምለጫ መንገድ፣ ደኅና ቦታ። ዛሬ በመላ አሜሪካ የሚማሩት ሥርዓት ነው። ለቤተሰብም ይሠራል ብዬ ስለማምን ምክሬን በእነዚህ በአራቱ ላይ አቆማለሁ።

ጠባቂ ማለት ሰማዩን የሚያይ ሰው ነው። በቤታችን ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር የአየር ትንበያውን በየጠዋቱ የሚያነብ አንድ ሰው ይመደብ። «ሬድ ፍላግ» የሚባል ማስጠንቀቂያ ከወጣ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱ ብርቱ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ቀን ውጭ እሳት አይነካም። ለቡና ያቀጣጠልነው ከሰል፣ የጥብስ ፍሙ ጭምር፣ በውሃ ተነክሮ እጅ እስኪያስነካ ሳይቀዘቅዝ አይደፋም። የቡሄ ችቦና የመስቀል ደመራ በዚሁ ወቅት ይውላሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ፈቃዱን ከከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አስቀድመው ይጠይቁ። ከባድ መኪና የምታሽከረክሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሚጎተት ሰንሰለትና የፈነዳ ጎማ ጠርዝ ብልጭታ ይረጫሉ፤ ማንም አሽከርካሪ የጋለ መኪናውን ደረቅ ሣር ላይ አያቁም።

መገናኛ ማለት ወሬው ለማይደርሰው ማድረስ ነው። በስልካችን የሚመጣው የአደጋ መልእክት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ እናቶቻችን ድምፁን ይሰማሉ እንጂ ምን እንደሚል አያውቁም። ስለዚህ በየቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ተርጓሚ ሁኑ። ጠዋት ከሥራ ቦታ፣ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ደውሉ፤ «ኤሲው ይሠራል? ውሃ ጠጥተዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ወይም ሂሳቡ ከከበደ 211 ደውላችሁ የማቀዝቀዣ ማዕከልና እርዳታ የት እንዳለ ጠይቁ። የፍልሰታ ጾም የሚውለው ከኦገስት 7 እስከ 21፣ በሞንሱኑ መሐል ነው። ስኳር፣ ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ጿሚ ሐኪሙንና ንስሐ አባቱን አስቀድሞ ያማክር፤ ሌላውም ሌሊቱን በቂ ውሃ ይጠጣ።

ማምለጫ መንገድ ሳይጨስ የሚታሰብ ነገር ነው። በተራራ ጥግ ወይም በከተማ ዳር የምትኖሩ፣ ከሠፈራችሁ የሚያስወጡ ሁለት መንገዶችን እወቁ። በአሪዞና የማስወጫው ትእዛዝ ሦስት ደረጃ አለው፦ አስቀድሞ መሰናዳት፣ ነቅቶ መጠበቅ፣ መውጣት። አዛውንት ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ሦስተኛውን ሳይጠብቅ በሁለተኛው ይውጣ። ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ወረቀትና መድኃኒት በአንድ ቦርሳ ይሁኑ። መንገድ ላይ የአቧራ ግድግዳ ከመጣባችሁ ከአስፋልቱ ፈጽሞ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ መብራት ሁሉ አጥፉ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ እግራችሁን ከፍሬኑ አንሡ። መብራት ካበራችሁ ከኋላ የሚመጣው መንገድ ያለ መስሎት ይከተላችኋል። ውሃ የሞላው መንገድ ሲገጥማችሁ ተመለሱ፤ የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ትንሽ መኪና ይወስዳል። የተዘጋ መንገድ ጥሶ ጎርፍ ውስጥ የገባ አሽከርካሪ የአዳኞቹን ወጪ እንዲከፍል የአሪዞና ሕግ ይፈቅዳል።

ደኅና ቦታ ከመብረቅ የሚያስጥለው ጽኑ ጣራ ያለው ቤት ወይም ጣራው ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ነው። ዛፍ ሥር መጠለል መብረቁን መጥራት ነው። ነጎድጓዱን ከሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል፤ ግቡ፣ ከመጨረሻው ድምፅም በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ። ከሙቀት የሚያስጥለው ደግሞ የቀዘቀዘ ክፍል ነው። መኪና ግን ለሕፃን ደኅና ቦታ አይደለም፤ የቆመ መኪና ውስጡ በአሥር ደቂቃ 10 ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። ለአንድ ደቂቃ ጉዳይም ቢሆን ልጅ መኪና ውስጥ አይተውም።

ይህ በረሃ ብዙዎቻችንን ተቀብሎ አኑሮናል፤ ልጆቻችንም አገራቸው አድርገውታል። እሳቱንም ጎርፉንም ማስቆም አንችልም፤ ጊዜያቸውን ግን እናውቃለን። እንግዲህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር እንድትፈጽሙ እለምናችኋለሁ፦ አራቱን ጥያቄዎች በእራት ገበታ ላይ አንሡ። ጠባቂያችን ማን ነው? ለእማማ ማን ይደውላል? በየት እንወጣለን? የት እንገናኛለን? መልሱን ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት፤ የመጀመሪያው ደመና ከመታየቱ በፊት።